አለ፣ የለም

በሽምብጥ ጤና ጣቢያ፣ በኋለኛው ክፍል፣
የሰውን ሆድ ምሥጢር በጠብታ ስከፍል፣
ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ቃል አልጽፍም፦
«አሜባ፦ አለ»፣ «አሜባ፦ የለም»።
ከዚህ ወዲያ ዓለም
በዚያች ቁራጭ መስታወት ይኖራል አልልም።

አርብ ዕለት ከሰዓት ብቅ አለ አንማው፣
ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራው፤
እግሩ እስከ ጉልበቱ የሐይቅ ጭቃ ነው፣
በእጁ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ግማሽ ውሃ ያለው።
«ይታይሽ» አለና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።
ስሜ ነው፤ ልመናም ነው፤ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ጠራው።
«ልጄ ሲዋኝ ውሎ ሌት ያሳክከዋል፤
ከእምቦጩ ሥር ቀዳሁት፤ እስቲ ምን ይታያል?»

ቢልሃርዚያ ፈለግሁ፣ ጅራተ መንታውን፤
አጣሁ። ላጥበው ስል የጠብታ መስታወቱን፣
ከአልጌው ክር ሥር አንድ ነገር ፈቀቅ አለ፤
ቆመ። ያሰበ መሰለ።
ደግሞ ፈቀቅ አለ።

የማውቀው አሜባ ራቁቱን ነው ኗሪ፣
እንደ ፈሰሰ ሊጥ፣ መልኩን ቀያያሪ።
ይኼኛው ለብሷል።
በሐምሌ ዶፍ መሃል፣ ገሳ ተከናንቦ፣
እንደ ሜጫ ገበሬ እርምጃውን አስቦ፣
ከጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ከዳሩ የሳሳ፣
ነጠብጣብ በነጠብጣብ የተጠለፈ ባለገሳ።
ቅርፊት ነው! ዓሣን ብቻ ነበር የማውቀው ባለ ቅርፊት፤
ለካ ዓሣ እንኳ የማያየው፣ ከአቧራ ያነሰ ፍጥረት
ልብሱን ከሆዱ አውጥቶ በጀርባው ይደርባል፣
አንድ በአንድ፣ በጸጥታ ሰዓት።

መብራት ጠፋ።
የድሮውን ማይክሮስኮፕ ወደ መስኮቱ ገፋሁ፤
ከሥሩ ክብ መስታወት አለው፤ ጣናን በሱ ቀዳሁ።
ሐይቁ የገዛ ልጁን በገዛ ብርሃኑ አሳየኝ፤
ትንፋሼን ዋጥኩት፣ እንደ ጉም እንዳይጋርደኝ።

ጋሽ ስማቸው ጋ ደወልኩ፣ ከዓሣ ምርምር በጡረታ የወጡ፤
ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ታቅፈው በባጃጅ መጡ።
ሥዕል ከሥዕል አስተያየን። አንዱ ቅርፊቱ እንደ ሳህን፣
ሌላው እንደ ቅርጫት፣ ሌላው ባለ እሾህ፤ የእኛስ የቱ ይሆን?
እግሩን ልንቆጥር ሞከርን፤ እግሩ ሲቆጠር ይሟሟል፤
«ሦስት» ስል ሁለተኛው የለም፣ ወደ ሆዱ ተመልሷል።
«አርባ ዓመት እዚህ ሐይቅ ላይ» አሉ ጋሼ፣ «እንዲህ ያለ አላየሁም።
ግን ቅርፊቱ አንድ በአንድ ካልታየ ስም አልሰጥም፤
ያንን የሚያሳይ መሣሪያ ደግሞ እዚህ የለም።»
ስማቸው የተባሉት ሰው ስም መስጠት እምቢ አሉ።
መነጽራቸውን አውልቀው ግን
እንደገና ወደ ዓይኑ ዝቅ አሉ፣
እንደገናም ዝቅ አሉ።

ሲመሽ ከአልጌው ሥር ገባ። ጠበቅነው፤ አልወጣም።
በምርመራ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ ሳልኩት፤ አላማረም።
ከጎኑ «ምናልባት» ብዬ ጻፍኩ።
ወረቀቱን ስገለብጥ ያችው የዘወትር ጥያቄ፣
አለ፣ የለም፣
የቀን ተቀን ጭቅጭቄ።
«አለ» የሚለውን ከበብኩት።
እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ነበር፤ ሁለቴ ከበብኩት።

አንማው በጨለማ ተመልሶ ከበሩ ቆመ።
«ልጅህን ያሳከከው እሱ አይደለም፤ ሰኞ ልጁን አምጣው» አልኩት።
«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን አየሽ?»
«ጎረቤትህን» አልኩት።
ሳቀብኝ። ጠርሙሱን መለስኩለት፤
«ከቀዳህበት ድፋው፣ ከሌላ ቦታ አይደለም» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት፣ ሆዳቸውን በመቀነት አጥብቀው፣
«አሜባ አለብኝ ልጄ?» አሉኝ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ቆመው።
አየሁ። አጣራሁ።
«የለብዎትም» አልኩ።
ወረቀቱን ተቀብለው በሩን ከፈት ሲያደርጉት፣
የሐይቁ ንፋስ ሲገባ፣
ሳላስበው፦
«አለ ግን» አልኩ።